ለ«እስማማለሁ» ጀግኖች የቀረበ ምስጋና

እንደ ስልክ ተጠቃሚ ያለ ቸር ሰው ከየት ይገኛል? የደመወዙን መጠን ለገዛ ወንድሙ አይናገርም። ለማያውቀው አፕ ግን የጓደኞቹን ስልክ ቁጥር፣ የሚውልበትን ቦታና ፎቶዎቹን በአንድ ንክኪ ያስረክባል። ውሉ ስንት ገጽ ነው? ማን ቆጥሮት! ጀግና ውል አያነብም። ጣቱን ሽው አድርጎ «እስማማለሁ»ን ይጫናል፣ አለቀ።

እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካው የሸማቾች ጥበቃ መሥሪያ ቤት፣ ፌዴራል ትሬድ ኮሚሽን፣ አንድ የእጅ ባትሪ አፕ የሠራ ድርጅትን ከስሶ ነበር። አፑ የተጠቃሚውን ሎኬሽን ለማስታወቂያ ድርጅቶች ያቀብላል ተባለ። ሥራው እኮ መብራት ማብራት ነው! «እስማማለሁ» እና «አልስማማም» የሚሉ ቁልፎችም ነበሩት። ኮሚሽኑ እንዳለው ግን ሰውየው አንዱንም ሳይነካ መረጃው መሄድ ጀምሯል። ጣት እንዳይደክም ታስቦለት መሆን አለበት።

እኔና ሁለት ጓደኞቼ ይህን ሁሉ እያየን አንድ የሞኝ ሥራ ሠራን። የሐኪም ወረቀት፣ ደረሰኝ፣ ማስታወሻ የሚያስቀምጥ ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ) አፕ። አካውንት አይጠይቅም። መረጃው ያለ ቁልፍ እንዳይነበብ ተመስጥሮ እዚያው ስልኩ ላይ ይቀመጣል፤ መፍቻ ቁልፉ ከባለቤቱ በቀር ማንም ጋ የለም።

ለአንድ ወዳጄ አሳየሁት። ኢሜይል የሚሞላበትን ቦታ ፈለገ፤ የለም። ስልክ ቁጥር? እሱም የለም። ፊቱ ተለወጠ።

«ምንም የማይጠይቀው ለምንድን ነው? እናንተማ የሆነ ነገር አስባችኋል።»

ወይ ንቃት! ኮዱ ክፍት ስለሆነ ማንም ሊመረምረው እንደሚችል ነገርኩት። ይባስ ብሎ ደነገጠ። «ታዲያ ሌባውም ያየዋላ!» የምስጢር አጻጻፍ ዘዴው ራሱ ጠላት እጅ ቢገባ እንኳ ችግር ሊፈጥር እንደማይገባ የምስጢር አጻጻፍ ሊቁ ኦገስት ኬርክሆፍስ ገና እ.ኤ.አ. በ1883 ጽፏል፤ ተደብቆ መያዝ ያለበት ቁልፉ ነው። ወዳጄ የራሱን ቁልፍ፣ ማለትም ፓስወርዱን፣ ሲጽፍ አየሁት። 123456።

«ፓስወርዴ ቢጠፋብኝ ታወጡልኛላችሁ?»

«አንችልም። እኛም አንከፍተውም።»

«ታዲያ ምኑን ሠራችሁት?»

(እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ አፌ ተያዘ። ፓስወርድ ሲጠፋ የሚያገለግለውን የመጠባበቂያ ቁልፍ ወረቀት ላይ ጽፈህ ደብቅ ማለት ለማንም አይጥምም።)

ዓይኔ እያየ አጠፋውና ሌላ አፕ ጫነ። ሰው ሲያረጅ ምን እንደሚመስል የሚያሳይ። ካሜራ ጠየቀው፣ ፈቀደ። ኮንታክት ጠየቀው፣ ፈቀደ። ሎኬሽን ጠየቀው፣ ጥያቄውን አንብቤ ሳልጨርስ ፈቀደ። ሽበት አምሮበት ነበር።

ማታ አፓችን አስተያየት ደረሰው። አንድ ኮከብ። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «ስለ እኔ ምንም አያውቅም።»