የተኮላሸ ውሻ ሴት ውሻ ላይ ቢወጣ ቀዶ ጥገናው ከሽፏል ማለት አይደለም

ሰሞኑን እዚህ ባሕር ዳር ብዙ ሰው እየተቀባበለው ያለ ነገር አለ። "ውሻዬ ተኮላሽቶም ሴት ላይ ይወጣል፣ ሐኪሙ አታሎኛል" የሚል። ንዴታችሁ ይገባኛል፣ ግን ነገሩ እንደዚያ አይደለም።

ማኮላሸት የዘር ፍሬዎቹን ያወጣል፣ ቴስቶስትሮን የሚባለውን የወንድ ሆርሞንም በጣም ይቀንሳል። የመውጣት ጠባዩ ግን ሙሉ በሙሉ ከሆርሞን የሚመጣ አይደለም። የለመደው ይቀራል፣ በጨዋታ፣ በደስታ ወይም በጭንቀት ጊዜም ያደርገዋል፤ እንዲያውም ስሪያ የምትፈልግ ሴት ካገኘ ተሳርሮ ሊጣበቅ ሁሉ ይችላል። በግ ያረባ ሰው ሙክት ሲወጣ አይቶ ያውቃል። ብዙዎቹ ውሾች ላይ ጠባዩ ይቀንሳል እንጂ ሁሉም ላይ አይጠፋም።

ልብ በሉ፣ ከቀዶ ጥገናው በፊት የተመረተ ዘር በዘር ቱቦው ውስጥ ለጥቂት ሳምንታት ይቆያል። ስለዚህ ቢያንስ አንድ ወር ተኩል ካልተኮላሹ ሴት ውሾች አርቁት።

ማጣራትም ቀላል ነው። ሁለቱም ፍሬዎች ወጥተው እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ፣ ምክንያቱም አንዳንዴ አንዱ ሆድ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። ጥርጣሬ ካለ የቴስቶስትሮን የደም ምርመራ ይለየዋል።

ይህን የምጽፈው ወሬውን ሰምተው ውሻቸውን ሐይቁ ዳር ሊጥሉ ያሰቡ ስላሉ ነው። እባካችሁ አትጣሉት፣ ምንም አላጠፋም። ጠባዩ በድንገት ከጀመረው ወይም ሽንቱን ቶሎ ቶሎ እየሸና ራሱን ከላሰ ግን የሽንት ቱቦ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ለሐኪም አሳዩት።