አምስቱ ሳህኖች

የእንግሊዙ ኧርነስት ቤቪን ስም እኛ ዘንድ ከተነሳ የሚነሳው በኦጋዴን ነው። በ1946 እ.ኤ.አ. የብሪታንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳለ፣ ኦጋዴንን ጨምሮ የሶማሌ ግዛቶች በአንድ አስተዳደር ሥር ይሁኑ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ያንን ሐሳብ አልወደውም። ሰውየውን ግን በዚያ ብቻ ማስታወስ ያሳዝነኛል።

እናቱ ስትሞት 8 ዓመቱ ነበር። አባቱን አያውቅም። በ11 ዓመቱ ትምህርት አቁሞ እርሻ ላይ ተቀጠረ። ብሪስቶል ገብቶ በፈረስ ጋሪ ለስላሳ መጠጥ ሲያከፋፍል ኖረ። በ1910 ወደ ማኅበር ያሰባሰባቸውም እንደሱው ያሉ ጋሪ ነጂዎችን ነው።

ከሕይወቱ ሁሉ ከአእምሮዬ የማይጠፋው የ1920ው ነገር ነው። የወደብ ሠራተኞች በቀን 16 ሽልንግ ይከፈለን ብለው ጠየቁ። ለንደን ላይ አጣሪ ጉባኤ ተቀመጠ። በአሠሪዎች በኩል አንድ ፕሮፌሰር መጥቶ፣ አምስት ሰው ያለበት ቤት በሳምንት በስንት ገንዘብ እንደሚኖር አስልቶ አሳየ። ቤቪን ወደ ድሆች ሰፈር ገበያ ሄደ። ስሌቱ የሚፈቅደውን ያህል ምግብ ገዛ። በሰለ፣ አምስት ቦታ ተከፈለ። ሳህኖቹን ይዞ ጉባኤው ፊት ቀረበ። ቀኑን ሙሉ ከባድ ሸክም ሲያወርድ ለሚውል ሰው ይህቺ ትበቃዋለች ወይ ብሎ ጠየቀ።

ሳህኑ ላይ ያለችው ነገር ቁራሽ ናት። እናቱ እንጀራ ስትቆርስ ድርሻውን በዓይኑ የለካ ልጅ ክርክሩ ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል። ጉባኤውም 16ቱን ሽልንግ ፈቀደ። ቤቪንም የወደብ ሠራተኞች ጠበቃ ተባለ፤ የሕግ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠ ሰው!

በ1922 አሥራ አራት ማኅበራትን አዋህዶ የትራንስፖርት ሠራተኞችን ትልቅ ማኅበር መሠረተ። ሌላ ሰው ቢሆን ከደመወዝ ጥያቄ አልፎ ስለ ሩቅ አገር ባልተናገረ።

እሱ ግን ተናገረ። በ1935 ብራይተን ላይ የብሪታንያ የሠራተኞች ፓርቲ፣ ሌበር፣ ሲሰበሰብ ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ሊወር ተዘጋጅቷል። የፓርቲው መሪ ጆርጅ ላንስበሪ ጦርነትን ከልባቸው የሚጠሉ አዛውንት ናቸው፤ በጣሊያን ላይ ማዕቀብ መጣሉን ተቃወሙ። ቤቪን ተነስቶ ያለ ርኅራኄ ነቀፋቸው። ንግግሩ ጨካኝ ነበር፤ ብዙዎች አዘኑበት። እኔ ግን እውነቱን ልናገር፣ ከሱ ጋር ነኝ። ጉባኤው በከፍተኛ የድምፅ ብልጫ ማዕቀቡን ደገፈ።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ የጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ።