ከኪሎ ሜትሩ በፊት ሶኬቱን እዩ

የኤሌክትሪክ መኪና ሊገዛ ያሰበ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «አንዴ ከተሞላ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?» ብሎ ነው። ሻጩም 400፣ 500 እያለ ይመልስለታል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን መቅደም ያለበት ሌላ ነው፦ መኪናው ማታ የት ያድራል? በምን መስመርስ ይሞላል?

ሒሳቡ ቀላል ነው። መካከለኛ መኪና 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ከ15 እስከ 20 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። በቀን 50 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ቢበዛ 10 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃዋል ማለት ነው። ከ220 ቮልት ሶኬት 10 አምፔር ቢሳብ፣ ብክነቱ ተቀንሶ በየሰዓቱ 2 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ባትሪው ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ማታ የተሰካ መኪና ሲነጋ የዕለቱን መንገድ ይዟል። ባዶውን የቀረ የ60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ግን በዚሁ ሶኬት 30 ሰዓት ይፈልጋል። ሊያልቅ ሲል መሙላት የቤንዚን ልማድ ነው፤ እዚህ አያዋጣም።

እኔን ከሰዓቱ በላይ የሚያሳስበኝ ሙቀቱ ነው። ተራ የቤት ሶኬት ሌሊቱን ሙሉ ከባድ ጭነት እንዲሸከም ታስቦ አልተሠራም። ውስጡ ያሉት የብረት ምላሶች ትንሽ ሲላሉ ንክኪው ይሳሳል፤ የሳሳ ንክኪ ይሞቃል፤ ሙቀቱ ደግሞ ምላሶቹን የባሰ ያላላቸዋል። ምልክቱ በዓይን ይታያል፦ በቀዳዳዎቹ ዙሪያ ነጩ ፕላስቲክ መጀመሪያ ወደ ቢጫ፣ ቀጥሎ ወደ ቡናማ ይለወጣል። ይህን ያየ ሰው በዚያ ሶኬት ዳግም መኪና መሰካት የለበትም። ተጠቅልሎ የተቀመጠ ኤክስቴንሽንም ሙቀቱን በራሱ ላይ ስለሚያከማች ሊቀልጥ ይችላል። ሙቀት በአምፔሩ ስኩዌር ልክ ያድጋል፦ አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ በዚህም ምክንያት ከ16 ወደ 10 አምፔር ዝቅ ማድረግ ብቻውን ንክኪው ላይ የሚፈጠረውን ሙቀት ከግማሽ በታች ያወርደዋል።

ትክክለኛው መንገድ ከማከፋፈያው ሳጥን ለመኪናው ብቻ የተዘረጋ መስመር ነው። ለ32 አምፔር ከ6 ሚሊ ሜትር ካሬ ያላነሰ የመዳብ ገመድ፣ የራሱ ብሬከር፣ ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ የሚቆርጥ መከላከያና በትክክል መሬት የገባ ኧርዝ (ያፈተለከን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርድ ገመድ) ያስፈልገዋል። «አዲሱ ቻርጀር አልሠራ አለ» ከሚባልበት ምክንያት አንዱ የኧርዝ አለመኖር ነው። ቻርጀሩ ኧርዝ ሲያጣ እምቢ የሚለው ሰው እንዳይሞት ነው። ኧርዙን ከኒውትራል (ኤሌክትሪኩ ከሚመለስበት ገመድ) ጋር አገናኝቶ ማታለል የሚመክር ባለሙያ ካለ አሰናብቱት፤ ኒውትራሉ አንድ ቀን ቢበጠስ የመኪናው አካል በሙሉ ኤሌክትሪክ ይይዛል።

«እስከ ስንት ልሙላው?» ለሚለው መልሱ እንደ ባትሪው ዓይነት ነው። ኒኬል ያለበት ባትሪ ለዘወትር 80 በመቶ ላይ ቢቆም ዕድሜው ይረዝማል፤ 100 ለረጅም መንገድ ይቆይ። የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ግን ቮልቴጁ ከሙላት እስከ ጉድለት እምብዛም ስለማይለዋወጥ፣ መኪናው የቀረውን መጠን እንዳይስት አልፎ አልፎ 100 መሙላት ያስፈልገዋል። ብዙ አምራቾች በሳምንት አንዴ ይላሉ። ሁለቱንም የሚጎዳው ሞልቶ በጠራራ ፀሐይ ለቀናት መቆም ነው።

እግር ከነዳጅ ፔዳሉ ሲነሳ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እየያዘ ኃይሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል፤ ፍሬን እምብዛም ስለማይረገጥ ዲስኩ ይዝጋል እንጂ ቶሎ አያልቅም። ባትሪው ሙሉ ሆኖ ቁልቁለት ሲወረድ ግን ሞተሩ ኃይል የሚመልስበት ቦታ ስለሌለው መያዙን ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ የፍሬኑን ፔዳል መርገጥ ግድ ነው። መኪናው ተበላሽቶ ከቆመም ሞተሩ የሚያሽከረክራቸው ጎማዎች መሬት እየነኩ አይጎተትም፤ በሌላ መኪና ላይ ይጫናል።

ትልቁ ባትሪ ሞልቶ መኪናው አልነሳ ቢል መጀመሪያ የሚጠረጠረው ትንሹ የ12 ቮልት ባትሪ ነው። ትልቁን ባትሪ ከመኪናው ጋር የሚያገናኙት ማብሪያዎች የሚሠሩት በእሱ ነው፤ እሱ ከደከመ በሩ እንኳ ላይከፈት ይችላል።

ያገለገለ መኪና ለሚገዛም ያው የግድግዳው መስመር ይጠቅመዋል። አስቀድሞ መኪናውን 100 ሞልቶ፣ ከዚያ እስከ 20 በመቶ ነድቶ፣ ቆጣሪ ባለው ቻርጀር እስከ 80 ይሙላው። ባትሪው አዲስ ሳለ 60 ኪሎዋት ሰዓት ከነበረ ቆጣሪው ከነብክነቱ 40 ገደማ ማሳየት አለበት። 32 ላይ ካቆመ ከባትሪው አንድ አምስተኛው ሄዷል፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይቀነስ።