ውዳሴ ለርእስ አንባቢዎች

ፊደል ቆጥረው ሲያበቁ፣ ማንበብ የሚባለውን ልፋት ለእኛ ለሰነፎቹ ትተው ርእስ በማየት ብቻ ሊቅ የሆኑ ወገኖች እስከ ዛሬ በወጉ አልተመሰገኑም። ይህ ግፍ ነው። ሌላው ሰው ከአንቀጽ ወደ አንቀጽ እየተጎተተ፣ ሐሳቡ ሲጠፋበት ወደ ኋላ ተመልሶ እየደገመ፣ መነጽሩን እየወለወለ ሲዳክር፣ እነሱ ከርእሱ ተነስተው በቀጥታ ኮሜንት መስጫው ላይ ያርፋሉ። በመሀል ያለውን አያውቁም፤ ማወቅም አላስፈለጋቸውም። ለነገሩ ጸሐፊውስ ቢሆን ርእሱን ሲጽፍ ሥራውን ጨርሶ አልነበረም? የቀረውን የጨመረው እልኸኛ ስለሆነ ነው።

ጥበባቸውን በቅርብ ለማየት የፈለገ ሰው፣ አባላቱ በበዙበት የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ሁለት ሺህ ቃል የሚሆን ጽሑፍ ይለጥፍ። ቤልጅየማዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ማርክ ብሪስባርት ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ስሌት፣ እንግሊዝኛ የሚያነብ ጎልማሳ ድምፁን ሳያሰማ በደቂቃ በአማካይ 238 ቃል ይሄዳል። በዚህ ሒሳብ ሁለት ሺህ ቃል ከስምንት ደቂቃ በላይ ይፈጃል። የመጀመሪያዋ የጭብጨባ ምልክት ግን ደቂቃ ሳይሞላ ከች ትላለች። «ድንቅ ምልከታ!» ይላል ቀጣዩ። ሦስተኛው «ይህንን ለልጆቻችን ማስተማር አለብን» ብሎ ወደ ሌሎች ግሩፖች ያሻግረዋል። አራተኛው ተናዷል፤ «እንዲህ ዓይነቱን ነገር የሚጽፉት ተከፍሏቸው ነው» ይላል። አምስተኛው ለአራተኛው ይመልስለታል፤ ስድስተኛው አምስተኛውን ይገስጻል፤ ሰባተኛው ላይ ሲደረስ ክርክሩ ስለ ጽሑፉ መሆኑ ቀርቶ ስለ አራተኛው ሰውዬ አስተዳደግ ሆኗል።

በዚህ መሀል አንድ ነውረኛ ብቅ ይላል። «ይቅርታ፣ ጸሐፊው'ኮ እናንተ ያላችሁትን ነገር እሱ ራሱ ታች ወርዶ ተቃውሞታል።» ያን ጊዜ ግሩፑ ጸጥ ይላል፤ ቀጥሎ በአንድነት ይነሳበታል። እስካሁን ሲናከሱ የነበሩት አራተኛውና አምስተኛው ሳይቀሩ ታርቀው ጎን ለጎን ይቆማሉ። ትክክል ናቸው። ሰው በሰላም በሚጨቃጨቅበት ቦታ ጽሑፉን አንብቦ መምጣት ምን የሚሉት ጠብ ጫሪነት ነው?

ድሮ ፍጥነት የሚባለው ነገር በክፍያ የሚማሩት ነበር። ኤቭሊን ዉድ የተባለች አሜሪካዊት መምህርት እ.ኤ.አ. በ1959 የፈጣን ንባብ ትምህርት ቤት ከፍታ፣ በደቂቃ በሺህ የሚቆጠር ቃል ማንበብ ይቻላል እያለች ብዙ ተማሪ አፈራች። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ፍጥነቱ ሲጨምር የሚገባን ነገር እንደሚቀንስ ደርሰውበታል። ምስኪን! የሷ ተማሪዎች ቢያንስ ገጹን ይገልጡ ነበር። የእኛዎቹ ገጹንም ከጨዋታ ውጪ አድርገውታል።

ይህን የምለው በጥላቻ የተነሳሁ እንዳይመስላችሁ፣ ማስረጃ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2016 የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲና የአንድ የፈረንሳይ የምርምር ተቋም ባለሙያዎች፣ ትዊተር ላይ ሲዘዋወሩ የነበሩ የአምስት ትላልቅ የዜና አውታሮችን ሊንኮች አጥንተው 59 በመቶዎቹን አንድም ሰው ጠቅ እንዳላደረጋቸው ጻፉ። የቀሩት 41 በመቶ ተከፈቱ ማለት ተነበቡ ማለት አይደለም፤ ብዙው ሰው በስሕተት ነክቶት ሊሆን ይችላል፤ አውራ ጣት ወፍራም ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ትዊተር ራሱ ዓይኑን በጨው አጥቦ ድፍረት ጀመረ፦ ሰው ያልከፈተውን ጽሑፍ ሊያጋራ ሲል «መጀመሪያ ብታነበውስ?» የሚል ነገር ያወጣበት ገባ። ከዚያ በኋላ ሰዎች ጽሑፎችን የሚከፍቱበት ድግግሞሽ 40 በመቶ ጨመረ ብሎም ኩራት ተሰማው። እኔ ግን በዚያ ሰሞን ስንቱ የተከበረ ሰው በገዛ ስልኩ እንደተዋረደ ነው የማስበው።

የዚህ ሁሉ የክብር ቀን ግን እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 2014 ነው። የአሜሪካ የሕዝብ ሬዲዮ፣ ኤንፒአር፣ በፌስቡክ ገጹ ላይ «አሜሪካ ማንበብ ለምን አቆመች?» የሚል ርእስ ለጠፈ። ሊንኩን የከፈተ ሰው ያገኘው የእንኳን ደስ አለህ መልእክት ነበር፤ ነገሩ የኤፕሪል ቀልድ እንደሆነ ይነግረውና፣ ላይክ አድርግ እንጂ ኮሜንት አትስጥ፣ ሌላው ምን እንደሚል አብረን እንይ ይለዋል። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚለው ሠራዊት ግን ቀድሞ ሰፍሮ ነበር። ማንበብ አላቆምንም እያሉ፣ ጥፋቱን በትምህርት ቤቱም በቴሌቪዥኑም እያላከኩ፣ ሳያነቡ ስለ ንባብ ተሟገቱ። ከዚህ በላይ ለንባብ ጥብቅና የቆመ ሰው አላውቅም።

በውል ስምምነት ዘርፍ ያላቸው ብቃት ደግሞ ለብቻው ሊወሳ ይገባዋል። «እስማማለሁ» የምትለዋን ሣጥን ለመንካት የሚፈጅባቸው ጊዜ ከዓይን ጥቅሻ አይበልጥም። እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ የእንግሊዝ የዋይፋይ አቅራቢ ኩባንያ ለሙከራ ያህል በውሉ ውስጥ አንድ አንቀጽ ሸጎጠ፦ ነፃ ኢንተርኔት የሚጠቀም ሰው 1,000 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ይሰጣል፣ ከአገልግሎቱ አንዱ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ማጽዳት ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከ22,000 በላይ ሰው ተስማማ። ነገሩን ላስተዋለ ሽልማት ተዘጋጅቶ ነበር፤ የጠየቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። እስቲ አስቡት፤ 22,000 ሰው ሽንት ቤት ለማጠብ በፈቃደኝነት ፈርሞ፣ ዓለማችን ግን ዛሬም በመጸዳጃ ቤት ንጽሕና ትታማለች።

ታዲያ ነገሩ የዛሬ ዘመን ፈጠራ አይደለም፤ የዘር ግንድ አለው። ሮማዊው ፈላስፋ ሴኔካ ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት፣ የመጻሕፍቱን የርእስ ዝርዝር እንኳ በዕድሜው ሙሉ አንብቦ የማይጨርስ ባለቤት ይህን ሁሉ መጽሐፍ ምን ያደርግለታል ብሎ ነበር። ልዩነቱ ያን ጊዜ ሳያነቡ ለመከበር ሀብታም መሆን ያስፈልግ ነበር። ዛሬ ይህ ጸጋ ለድሃውም ደርሶታል።

እንግዲህ ይህን ችሎታ ትተን ማንበብ ምን እንደሚጠይቅ እንይ። ሰው ሲፈጠር ለማንበብ አልተፈጠረም። ጽሑፍ በሜሶጶጣሚያ ሸክላ ላይ ከታየ ገና አምስት ሺህ ጥቂት መቶ ዓመት ቢሆነው ነው፤ አንጎል ደግሞ ለዚህች አጭር ጊዜ ብሎ አዲስ ክፍል አያበቅልም። ፈረንሳዊው የነርቭ ሳይንስ ሊቅ ስታኒስላስ ደሃን እንደሚያስረዳው፣ ማንበብ ስንማር አንጎል በግራ በኩል ወደ ኋላ ገደማ፣ ፊትና ዕቃ ይለይበት ከነበረው ቦታ ላይ ቀንሶ ለፊደል ይመራዋል። እሱና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት፣ ካደጉ በኋላ ፊደል የቆጠሩ ሰዎችም አንጎላቸው እንዲሁ እንደሚለወጥ አሳይተዋል። ዓይንም የራሱ ጣጣ አለበት፤ በመስመሩ ላይ እየዘለለ፣ በየማረፊያው ሩብ ሰከንድ ያህል እየቆመ ነው የሚሄደው። ልጁ ይህን ሁሉ ለማቃናት ዓመታት ይደክማል። ርእስ አንባቢዎቻችን በልጅነታቸው ቤቱን አሠርተው፣ ጣራውን አስመትተው ሲያበቁ፣ ዕድሜ ልካቸውን ደጃፉ ላይ መቆምን የመረጡ ትሑታን ናቸው።

በተቃራኒው ደግሞ ኋላ ቀሮች አሉ። የማውቃቸው አንዲት እናት ካረጁ በኋላ የማታ ትምህርት ገብተው ማንበብ ቻሉ። የመድኃኒት ብልቃጣቸውን ወደ መስኮቱ ጠጋ አድርገው፣ ጣታቸውን ከፊደሉ ሥር እያስኬዱ «በ… ቀ… ን… ሁ… ለ… ት…» ይላሉ። ከዚያ በአንድ ትንፋሽ «በቀን ሁለት ጊዜ!» አንድ ሰው የተከራከራቸው ይመስል ዙሪያቸውን ይቃኛሉ። በዚህ ቢያበቁ ጥሩ ነበር። «ከልጆች አርቀው ያስቀምጡ» የሚለውን፣ የሚያበቃበትን ቀን፣ የፋብሪካውን አድራሻ ሳይቀር ይወጡታል። አንድ ቀን የልጅ ልጃቸው ስልኩ ላይ እንደተደፋ፣

«ምን ይላል ልጄ?» አሉት።

«ከሰዓት በኋላ መተኛት ዕድሜ ያሳጥራል ይላል፣ እማማ።»

«እንዴት አድርጎ?»

«እሱን አላየሁትም።»

«ታዲያ ለማን እየላክኸው ነው?»

«ለሁሉም።»

እማማ ስልኩን ተቀበሉት። ልጁ ተነሥቶ ሄዶ፣ ውኃ ጠጥቶ፣ ተመልሶ መጣ፤ እሳቸው ገና ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ናቸው። ከዚያ ቀና ብለው «አንተ! አይጥ ነው'ኮ የሚለው!» አሉ። ልጁ በዚህ አልተደናገጠም። መልእክቱ ደርሷል፤ አጎቱ ከሰዓት በኋላ መተኛት አቁሟል፤ አክስቱ አመስግናለች። አይጧን ማን ፈለጋት?

ከእኚህ እናት የባሱም ነበሩ። በኋላ ስመ ጥር የባርነት ተቃዋሚና ጸሐፊ የሆነው ፍሬድሪክ ዳግላስ፣ በአሜሪካዋ ባልቲሞር ከተማ ባሪያ ሆኖ ባደገበት ዘመን፣ እመቤቱ ሶፊያ ኦልድ ፊደል ልታስቆጥረው ጀመረች። ባልዋ ሂዩ ኦልድ ደርሶ፣ ማንበብ የተማረ ሰው ለባርነት አይመችም ብሎ አስቆማት። ልጁ ከዚያ በኋላ ከቤት የያዘውን ዳቦ ለሰፈር ድሃ ልጆች እየሰጠ በለውጡ ንባብ ተማረ። ቀደም ሲልም ዛሬ የአሜሪካ ግዛት የሆነችው ደቡብ ካሮላይና እ.ኤ.አ. በ1740 ባወጣችው ሕግ ባሮችን መጻፍ ማስተማር በቅጣት ተከልክሎ ነበር። ስንት ድካም፣ ስንት ወረቀት! ሂዩ ኦልድ የዛሬን ዘመን አለማየቱ ያሳዝናል። መቆጣትም መከልከልም ባላስፈለገው ነበር፤ ለልጁ ስልክ ገዝቶ ርእስ ርእሱን ቢያሳየው ኖሮ፣ ዳግላስ ዳቦውን ራሱ በልቶ ቀኑን ሙሉ ኮሜንት ሲሰጥ ይውል ነበር። ሉዊ ብራይልም እንደዚያው። በሦስት ዓመቱ በአባቱ የቆዳ መሥሪያ ቤት ዓይኑ ተጎድቶ ብርሃኑን ያጣው ልጅ፣ በአሥራ አምስት ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1824፣ በስድስት ነጥብ የሚነበብ ጽሕፈት አዘጋጀ። በጣት የሚነበብ ጽሑፍ ደግሞ ትልቅ ጉድለት አለበት፤ ጣት ነጥቦቹን አንድ በአንድ ሳይነካ አያልፍም።

አሁንማ ነገሩ ሁሉ ቀልሏል። ረዥሙን ጽሑፍ አሳጥሮ የሚሰጥ ማሽን መጥቷል። በቀደም አንድ ወዳጄ አምስት ገጽ ሰነድ በአሥር መስመር አስጨምቆ፣ አሥሩ መስመር ስለበዛበት በሦስት አስደገመው። ሦስቱን አይቶ «ርእስ አውጣለት» አለው። ርእሱን ላከልኝ። «እንዴት አየኸው?» ሲለኝ «ግሩም ነው» አልኩት፤ በሰው አገላለጽ መግባት ነውር ነው።

ስለዚህ ለእነዚህ ባለውለታዎች በየዓመቱ ሽልማት እንዲሰጣቸው ሐሳብ አቀርባለሁ። የምስክር ወረቀቱን ንድፍ አዘጋጅቻለሁ። ከላይ በትልቁ «ለታላቅ አንባቢ» ይላል። ከሥር፣ በደቃቅ ፊደል፣ ተሸላሚው ከዛሬ ጀምሮ በየሳምንቱ አንድ ጽሑፍ ከርእሱ እስከ መጨረሻዋ ነጥብ ድረስ ሊያነብ፣ ያላነበበ ሳምንት ደግሞ መጸዳጃ ቤት ሊያጥብ ተስማምቷል የሚል አለበት። የፊርማው ቦታ ከርእሱ አጠገብ ነው፤ ማንም እንዳይቸገር።