ባክአፑን መልሳችሁ ጭናችሁ ታውቃላችሁ?

ሜክሲኮ፣ ስታዲየም ወይም ፒያሳ አካባቢ ጉዳይ ይዞ ቢሮ የገባ ሰው «ሲስተም የለም» መባልን ለምዶታል። መቼ ይመለሳል ብሎ ቢጠይቅ መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ አታውቅም። የነገራት ስለሌለ አልፈርድባትም። መቋረጡ ራሱ ያለ ነው፤ መብራት ይጠፋል፣ መንገድ ሲቆፈር ፋይበር ይቆረጣል፣ ዳታውን የሚይዘው ዋና ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩም ያረጃል። የሚያናድደኝ ሲስተሙ ከወደቀ በኋላ ማን ምን እንደሚያደርግ፣ ባለጉዳዩስ በምን እንደሚስተናገድ ቀድሞ ያሰበበት ሰው አለመኖሩ ነው።

አለቆቹን ስትጠይቋቸው «ባክአፕ አለን» ይላሉ፤ ዋናው ዳታ ቢጠፋ መልሶ የሚጫን ትርፍ ቅጂ ማለታቸው ነው። ጥሩ። ግን መልሳችሁ ጭናችሁ አይታችሁታል? ጊትላብ የሚባለው የሶፍትዌር ኩባንያ በ2017 እ.ኤ.አ. አንድ ባለሙያው በስህተት የዋናውን ዳታቤዝ ፋይሎች ሲያጠፋ ነበር የባክአፕ ዘዴዎቹ እንደማይሠሩ የታወቀው። ያተረፈው ሌላ ሥራ ላይ ለመሞከር ተብሎ ከስድስት ሰዓት ያህል በፊት የተወሰደ ቅጂ ነው። ይህ እንግዲህ የዓለም ፕሮግራመሮች ሥራቸውን የሚያስቀምጡበት ድርጅት ነው። ባክአፑ የሚቀመጥበት ቦታም ያው ትልቅ ጉዳይ ነው። በ2025 እ.ኤ.አ. ደቡብ ኮሪያ ውስጥ የመንግሥት ዳታ ማዕከል ሲቃጠል፣ የመንግሥት ሠራተኞች ያስቀመጡት 858 ቴራባይት ዳታ ሌላ ቦታ ቅጂ ስላልነበረው አብሮ ጠፋ። እኛ ጋ ባክአፑን ከሰርቨሩ ጋር አንድ ክፍል ያስቀመጠ መሥሪያ ቤት ካለ ዛሬውኑ ያውጣው።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ላይ የደረሰውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ባንኩ ሲስተሙን ሲያሻሽልና ሲፈትሽ በተፈጠረ ችግር ደንበኞች ሂሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ሌሊቱን ሲያወጡ ሰዓታት አለፉ። ከዚህ የትኛውም ተቋም ሊማር ይገባል። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ «አቁሙት» የማለት ሥልጣን ያለው ሰው በስም መታወቅ አለበት፣ ስልኩም መነሳት አለበት። የስልክ ዝርዝሩ ደግሞ በወረቀት ታትሞ ጥበቃው ጋ ይቀመጥ፤ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ካለ ያን ቀን ማን ያገኘዋል?

ስለ ባለጉዳዩ ግን ማንም አያወራም። ከደብረ ብርሃን ሌሊት ተነስተው የመጡ እናት «ነገ ይምጡ» ሲባሉ የትራንስፖርቱንም የአልጋውንም የሚከፍሉት እሳቸው ናቸው። ተከታታይ ቁጥር ያለው የወረቀት ቅፅ መሳቢያ ውስጥ ቢኖር፣ ሠራተኛዋም አሞላሉን ብትሠለጥን፣ ማመልከቻቸውን ተቀብላ ደረሰኝ ሰጥታ ትሸኛቸዋለች፤ ሲስተሙ ሲመለስ ታስገባዋለች። ሁሉም አገልግሎት እንዲህ አይሠራም፣ ገንዘብ ማውጣት ለምሳሌ ቀሪ ሂሳብ ሳይታይ ከባድ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ክፍል ስንት ሰዓት ያለ ሲስተም መቆየት እንደሚችል፣ የስንት ሰዓት ዳታ ቢጠፋ መቋቋም እንደሚችል አስቀድሞ ይወስን። ይህ የአይቲ ክፍሉ ብቻውን የሚወስነው ነገር አይደለም፣ አገልግሎቱን የሚያውቀው ሥራ አስኪያጁ ነው።

ባክአፑን መልሶ የመጫን ልምምዱም ቢሆን ብዙ ወጪ አይፈልግም። በየሦስት ወሩ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። ባክአፑ ትርፍ ማሽን ላይ ይጫን፣ የሚጭነውም ሲስተሙን የዘረጋው ባለሙያ ሳይሆን ሌላ ሰው ይሁን፤ የመጀመሪያው ሰው ሥራ ቢለቅ ወይም ቢታመም የሚፈለገው ይኸው ሁለተኛው ሰው ነውና። ሥራ አስኪያጁ ሰዓት ይዞ አጠገቡ ይቀመጥ። የቦርድ አባላት ደግሞ በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ባክአፑ ተመልሶ የተጫነው መቼ እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት እንደፈጀ ጠይቁ፤ ቀኑን የሚነግራችሁ ሰው ከሌለ ሌላ አጀንዳ አትጀምሩ።