ከትናንት ወዲያ የተበጠበጠ በረኪና

የጎጃም ሰዎች፣ ብትቆጡም ተቆጡ፤ ይህን ሳልናገር አላድርም።

በቀደም አክስቴን ልጠይቅ እዚሁ አገራችን አንድ ሆስፒታል ገብቼ ነበር። ከአልጋዋ አጠገብ ባልዲ ተቀምጧል። ውሃው ሲኒ የታጠበበት መስሏል፤ መወልወያው እዚያው ውስጥ ተዘፍዝፏል። የፅዳት ሠራተኛዋን በረኪናው መቼ እንደተበጠበጠ ጠየቅኋት።

«ከትናንት ወዲያ። ግን አሁንም ይሸታል እኮ!»

አስታማሚው ሁሉ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። እናንተ ናችሁ እንግዲህ እነዚያ አስታማሚዎች።

ስሙኝማ፣ ባክቴሪያ የሚገድለው ሽታው አይደለም፤ ክሎሪኑ ነው። ክሎሪኑ ደግሞ ብርሃን፣ ሙቀትና ቆሻሻ ያደክመዋል። የተበጠበጠ በረኪና በየቀኑ ይቀየራል። ከደፈረሰማ ቀኑም አይጠበቅለትም። ባለ 5 በመቶ በረኪና ከሆነ አንድ እጁ ከ9 እጅ ውሃ ጋር ይቀላቀልና 0.5 በመቶ ይሆናል፤ ደም የነካው መሣሪያ ደሙ ከታጠበለት በኋላ እዚያ ውስጥ 10 ደቂቃ ይቆያል። ነከር አድርጎ ማውጣት የለም!

ደግሞ ይህ ነገር አዲስ እንደሆነባችሁ አትምሰሉ። ጠላ ስትጠምቁ ጋኑን በግራዋ ፈትጋችሁ፣ አለቅልቃችሁ፣ ከዚያ ነው በወይራ የምታጥኑት። አተላው ያለበትን ጋን የሚያጥን ሰው አይቼ አላውቅም፤ ጎረቤት ይስቅበታላ! ታዲያ ደም የፈሰሰበት ወለል ላይ በረኪና ደፍቶ «ጸዳ» ማለትን ከየት አመጣችሁት? ክሎሪኑ ከደሙ ጋር ሲታገል ያልቃል፣ ባክቴሪያው ከሥር ይተርፋል። መጀመሪያ ደሙ ይጠረግ።

ገበያውም ያው ነው። በረኪናው በሃይላንድ ተቀድቶ ፀሐይ ላይ ተደርድሯል። (ውሃ መስሎት የሚጠጣውን ሕፃን ደግሞ ማን ያስበዋል?) መቼ ተመረተ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ዋጋ ላይ ግን ስንት ክርክር! በረኪና እኮ ማር አይደለም። ሲቆይ ጉልበቱ አልቆ ወደ ጨው ውሃ ይሄዳል።

ሠራተኛዋን አልወቅስም። መለኪያ እንኳ አልሰጧትም፤ በቲማቲም ቆርቆሮ ነው የምትለካው። የምወቅሰው አይተን ዝም ያልነውን ነው። ለታማሚያችሁ አጥሚት ይዛችሁ ስትገቡ «እህቴ፣ ይሄ የዛሬ ነው?» ብላችሁ መጠየቅ ምን ያሳፍራል?

እኔ ስጠይቅ ሠራተኛዋ አልተቆጣችም። ባልዲውን ደፍታ አጠበችው፣ አዲስ በጠበጠች። አክስቴ ግን ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ጣል አድርጋ ዞረችብኝ።

«አንተ ልጅ፣ የትናንቱ ምን አለህ? ዓይኔን አቃጠለኝ እኮ!»