የዓለም ዜጋው ይከበርልን

እስቲ ዛሬ ደሞ ፕሮፋይሉ ላይ «የዓለም ዜጋ» ብሎ የጻፈውን ወንድማችንን እናመስግነው፣ ሁሌ መተቸት ምን ይሠራል። ከስሙ ጎን አምስት ባንዲራና አንድ አውሮፕላን ደርድሯል፣ ካርታ ላይ አሳየን ብትሉት ምናልባት ሁለቱን ያገኝ ይሆናል፣ ግን ፍቅር ካርታ አይጠይቅም።

ይሄ ሰው የሰውን ልጅ የሚወደው በጅምላ ነው፣ በችርቻሮ ሲሆን ነው ትንሽ የሚያስቸግረው። ውቅያኖስ ማዶ ያለ ሕዝብ በዓሉን ሲያከብር ቪዲዮው ስር ልብ በልብ ያደርገዋል፣ አጥር የሚጋራው የሌላ ብሔር ጎረቤቱ ሲያከብር ግን «እነዚህ ሰዎች መቼ ነው የሚሠለጥኑት» ይላል። የባልደረባው አነጋገር ያስቀዋል፣ በሰብታይትል ከሚያየው ፊልም የሰማውን ቅላጼ ደሞ መስታወት ፊት ቆሞ ይለማመዳል። እንዲህ ያለ ሰፊ ልብ ከየት ይገኛል?

የሥነ ልቦና ሰዎች ለዚህ ጉዳይ ብዙ ደክመዋል፣ ምስኪኖች። ጄፍሪ አርኔት በ2002 እ.ኤ.አ. ግሎባላይዜሽን ብዙ ሰው ላይ ሁለት ማንነት እንደሚያመጣ ጻፈ፣ አንዱ የአካባቢው አንዱ ከዓለም ጋር የሚያያይዘው፣ ሁለቱም አልሆን ያለው ደሞ ግራ ይጋባል። የኛ ሰው ምን በወጣው ግራ ይጋባል፣ አንዱን ብሎክ አደረገና ተገላገለ! ጎርደን ኦልፖርት ደሞ ቀደም ብሎ በ1954 ቡድኖች ተገናኝተው ጥላቻቸው የሚቀንሰው በእኩልነት ሲገናኙ፣ የጋራ ዓላማ ይዘው ሲተባበሩ፣ ሕግና ልማድም ሲደግፋቸው ነው አለ። ስንት ጣጣ ነው በናታችሁ፣ አብሮ መሥራት፣ መከራከር፣ አንዳንዴም መሸነፍ። ጀግናችን ሁሉንም በአውራ ጣቱ ጨረሰው፣ ላይክ።

ከሁሉ የማደንቀው ግን ቡድን ለማግኘት የማይቸገር መሆኑን ነው። ሌላው የሥነ ልቦና ሰው ሄንሪ ታይፈል እንግሊዝ ውስጥ ተማሪዎችን ለሁለት ሥዕል ሠሪዎች ባላቸው ምርጫ የተመደቡ አስመስሎ፣ በእውነቱ ግን በዕጣ፣ ለሁለት ከፈላቸውና ገንዘብ አከፋፍሉ አላቸው፣ በ1971 ነው የታተመው። ልጆቹ ታዲያ የራሳቸው ቡድን ብዙ ከሚያገኝ ይልቅ፣ ትንሽም ቢሆን ሌላውን በልጦ እንዲያገኝ መረጡ። የኛ ሰው ሥዕል ምናምን አያስፈልገውም፣ የስልክ ብራንድ ይበቃዋል፣ አይቶት የማያውቀውን ሰው በስልኩ የተነሳ ሌሊቱን ሙሉ ሲሰድብ ያድራል። ልጆቹ እንኳን መጨረሻ ላይ ሳንቲም ደርሷቸዋል፣ እሱ በገዛ ዳታው ነው።